ባለዕድሉን አየነው፤ የቀሩትስ?

የሎተሪ ዕጣ በወጣ ማግሥት የዜና አንባቢው ድምፅ እንደሚለወጥ ያልታዘበ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ዋጋ በደረቅ ድምፅ ሲያነብ የቆየው ሰው ባለዕድሉ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይፈካል። ባለዕድሉም ሳንቃ የሚያህል የወረቀት ቼክ ታቅፎ ይቆማል። ትኬቱን ከማን እንደ ቆረጠ፣ ዕጣው መውጣቱን ሲሰማ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ በገንዘቡ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ ይጠየቃል፤ መልሱም ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ቤት፣ መኪና፣ ለእናቴም አንድ ነገር። በአሜሪካ አገር ዕጣው ከቢሊዮን ዶላር ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ፎቶግራፍ ተጨምሮበት በየተማሪው የእጅ ስልክ ላይ ያርፋል። በዚያ ሳምንት በምግብ አዳራሻችን የሚሰማው ጨዋታ ሌላ አይደለም፤ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግበት ነበር?» ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንቃወመው ሎተሪውን አይደለም። ሎተሪ የሚቆርጠውንም ሰው አይደለም፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ የምንለው አለን። የምንቃወመው ወሬውን ነው። አሸናፊውን አሳይቶ የቀሩትን የሚደብቅ፣ የገንዘቡን ልክ ነግሮ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ የማይናገር ወሬ፣ ዜና ሳይሆን ያልተከፈለበት ማስታወቂያ ነው እንላለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምሳሌያችንን ከአሜሪካው ፓወርቦል እንውሰድ፤ ደንቡና ቁጥሩ በይፋ የታወቀ ስለ ሆነ ለመመርመር ይመቻል። በኖቬምበር 2022 በካሊፎርኒያ፣ አልታዲና በምትባል ስፍራ ለተሸጠ አንድ ትኬት 2.04 ቢሊዮን ዶላር ወጣለት ተባለ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ከታዩት የሎተሪ ዕጣዎች ሁሉ የበለጠ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ቢሊዮን የሚባል ገንዘብ በዚያ ቀን በየትም ሣጥን ውስጥ አልነበረም። ቁጥሩ በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ጊዜ የሚከፈለው ድምር ነው። ባለዕድሉ በአንድ ጊዜ ልውሰድ ቢል የሚሰጠው 997.6 ሚሊዮን ነበር፤ ከግማሽ ያነሰ ማለት ነው። በዚህ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ግብር አለ፤ ከፍተኛው መጣኔ 37 በመቶ ስለ ሆነ፣ ያ ሲነሣለት የሚቀረው 630 ሚሊዮን አይሞላም። አሁንም ብዙ ነው፤ የሚያስለቅስ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ቢሊዮን ብሎ የጮኸው ጋዜጣ ነገሩን ከሦስት እጥፍ በላይ አድርጎ ነው የነገረን። አንዱን ኩንታል ሦስት ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ ከዳኛ ፊት ይቆማል።

ከዚህም የሚብስ አለ። የ30 ጊዜው ክፍያ የሚሸፈነው ገንዘቡ በመንግሥት ቦንድ ላይ ውሎ በሚያስገኘው ወለድ ነው። ስለዚህ የወለድ መጣኔ ከፍ ሲል፣ አንድም ትኬት ሳይጨመር፣ በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዕጣ ያድጋል። በ2022 የታየው ቁጥር እንዲያ ያበጠው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነበር።

የቀረውስ እድገት ከየት መጣ? አሸናፊ ከመታጣቱ ነው። ከ2012 እስከ 2015 ድረስ አንድ ትኬት ትልቁን ዕጣ የሚያገኝበት ዕድል ከ175 ሚሊዮን አንድ ያህል ነበር። በኦክቶበር 2015 አዘጋጆቹ የኳሶቹን ቁጥር ለውጠው ከ292 ሚሊዮን አንድ አደረጉት። ማሸነፉ በከበደ ቁጥር ዕጣው ለማንም ሳይወጣ ይከማቻል፤ በተከማቸ ቁጥር ጋዜጣው ይጮኻል፤ ጋዜጣው በጮኸ ቁጥር ትኬቱ ይሸጣል። ለውጡ በተደረገ በአራተኛው ወር፣ በጃንዋሪ 2016፣ የፓወርቦል ዕጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሊዮን አልፎ 1.586 ቢሊዮን ዶላር ሆነ፤ ሦስት ትኬቶችም ተካፈሉት። እንግዲህ በትልቁ ፊደል የሚታተመው ቁጥር የሚለካው የዕድልን ትልቅነት አይደለም፤ ስንት ሰው ስንት ጊዜ ባዶ እጁን እንደ ተመለሰ ነው የሚለካው።

ከ292 ሚሊዮን አንድ የሚባለው ነገር በአሳብ የሚያዝ አይደለምና በአገራችን መስፈሪያ እንስፈረው። የኢትዮጵያን ሕዝብ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚያህል ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ቢሰበሰብና ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከመካከሉ አንዱን ቢነካ፣ የተነካው ሰው አንባቢያችን የመሆኑ ነገር የዚያን ትኬት ያህል ነው። ሌላም አለ። ዕጣው በሳምንት ሦስት ጊዜ ይወጣል። በየዕጣው አንድ አንድ ትኬት የሚቆርጥ ሰው፣ በአማካይ አንድ ጊዜ እንዲደርሰው ከ1.8 ሚሊዮን ዓመት በላይ መቁረጥ አለበት። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሐዳር ሜዳ ላይ ሳለች መቁረጥ ጀምራ እስከ ዛሬ ሳታቋርጥ ብትቆይ፣ በአማካዩ ሒሳብ ሁለተኛው ዕጣዋ ገና ባልደረሳት ነበር። ለእርሷ ትዕግሥቱ ካላት እኛ ምን አገባን! ወሬውን የሚያነብልን ሰው ግን ይህን ሒሳብ አንድ ቀን እንኳ ቢነግረን ምን ይጎዳዋል?

ደግሞ የጋዜጠኛው ወሬ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ባለዕድሉን ያነግሣል። ሁለተኛው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ባለዕድሉ ጠጥቶ፣ ተጣልቶ፣ ከስሮ መንገድ ላይ ወደቀ ይለናል። «ከሎተሪ አሸናፊዎች 70 በመቶው ይከስራሉ» የሚለውን ቃል ያልሰማ አለን? ይህ ቁጥር ለብዙ ዘመን በአንድ የአሜሪካ የገንዘብ ትምህርት ተቋም ስም ሲነገር ከኖረ በኋላ፣ ተቋሙ ራሱ በ2018 የኔ ጥናት እንዲህ አላለም ብሎ አስተባብሎታል። በአንጻሩ በስዊድን አገር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሎተሪ ባለዕድሎችን ኑሮ መርምረው በ2020 ያሳተሙ ሊቃውንት፣ ትልቅ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ከዐሥር ዓመት በኋላም በኑሮአቸው የበለጠ የረኩ ሆነው እንዳገኟቸው ጽፈዋል። ገንዘብ ድሃን ያባልጋል የሚለው ስብከት ደስ የሚለው ገንዘብ ላለው ሰው ነው። እኛ ሎተሪን በዚህ መንገድ ልንነቅፍ አንፈልግም፤ በአንድ ውሸት ላይ ሌላ መጨመር ነውና።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ብሔራዊ ሎተሪ» እያለ የሚጠራው የመንግሥት ሎተሪ የተቋቋመው በ1961 ነው። ኒው ሃምፕሻየር ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆና የዘመኑን የመንግሥት ሎተሪ የጀመረችው በ1964 ስለ ሆነ፣ በዚህ ነገር እንኳ ቀድመናቸዋል ማለት ይቻላል። የእንቁጣጣሹ፣ የገናው፣ ቶምቦላው፣ የሚፋቀው፣ አሁን ደግሞ በስልክ የሚቆረጠው እየተባለ ዓይነቱ በዝቷል። በየመንደሩ የተከፈቱት የኳስ ውርርድ ቤቶች ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለሌላ ቀን እንተወው።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ልብ ብለን እናዳምጠው። ሎተሪ «ደረሰው» እንላለን። ዲቪ «ደረሰው» እንላለን። ኮንዶሚኒየም «ደረሰው» እንላለን። ከድህነት የወጣውን ሰው «አለፈለት» እንለዋለን፤ ማን አሳለፈለት? እንዴት አሳለፈለት? ቃሉ አይናገርም። ሀብት በነዚህ ቃሎች ውስጥ እንደ ዝናም ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ ሰውየው ከታች ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንድ መምህራን ይህን የሕዝባችን የአሳብ ድካም ነው፣ ሥራን የመናቅ ልማድ ነው ይሉናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሕዝቡ እንዲህ የሚናገረው ያየውን ነው። የአዲስ አበባን የጋራ መኖሪያ ቤት እንመልከት፤ ነዋሪው ተመዝግቦ ለዓመታት በየወሩ ቆጠበ። ቁጠባ ሥራ አይደለምን? መጨረሻው ግን ዕጣ ነበር። በጁላይ 2022 የወጣው ከ25,000 የሚበልጡ ቤቶች ዕጣ ደግሞ በመረጃው ላይ ማጭበርበር መደረጉ ስለ ተገለጠ ተሰረዘ። እንዲህ ያለውን ያየ ቆጣቢ «ሁሉም ዕጣ ከሆነ ቶሎ የሚወጣውን ልቁረጥ» ቢል በምን አፍ እንወቅሰዋለን?

ባንክ ቤትም ብንሄድ ያው ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን አድገናል። ከ2017 ጀምሮ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ተደርጎ ነበር። በ2022 ግን የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 1,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዝቅተኛው ወለድ 1,070 ብር አገኘ፤ በ1,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ1,300 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ዕንቁላሉ እግር ከማውጣቱ በፊት ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ ማለት ነው። ይህንን ኪሣራ ማንም ቼክ አስይዞ ፎቶግራፍ አላነሣውም።

አክሲዮንስ? የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በኦክቶበር 2024 ለሕዝብ ሽያጭ ሲቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ጥሩ ነገር ነው፤ በጃንዋሪ 2025 የተከፈተውም የአክሲዮን ገበያ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይፈቀድም ነበርና ደጁን ለመርገጥ 9,900 ብር ያስፈልግ ነበር። የቀን ሠራተኛው ይህን ከየት ያመጣል?

አሁን ሎተሪ አዟሪውን እንመልከት። ከጠዋት እስከ ማታ በእግሩ ይሄዳል። አውቶቡስ ተራ ይሄዳል፤ ሻይ ቤት ይገባል፤ ጫማ ከሚጠርገው ልጅ አጠገብ ይቀመጣል። መታወቂያ አይጠይቅም፤ ዋስ አይጠይቅም፤ ፎርም አያስሞላም። ዕቃውን በጥቂት ብር ይሸጣል፤ ካልደረሰህ የማስተዛዘኛ አለው ይልሃል። በአገራችን ውስጥ «ሀብት» የሚል ስም ተለጥፎበት በጥቂት ብር ወደ ድሃው ዘንድ በእግሩ የሚመጣ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ሌላው ሀብት ሁሉ ከባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ «ና» ይላል፤ ሲመጣም «አልሞላህም» ይለዋል። ስለዚህ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ሒሳብ የማያውቅ ሞኝ ነው ብሎ የሚስቅ ተማሪ፣ ሰውየው በኪሱ ባለው ገንዘብ ሌላ ምን ሊገዛ ይችል እንደ ነበር አስቀድሞ ይንገረን። አዟሪውም ቢሆን ለሌላው የሚሊዮን ተስፋ ሲሸጥ ውሎ፣ ለራሱ የሚተርፈው ለእራት ያህል መሆኑን እናስታውስ።

ጋዜጠኛ ግን ዕጣ ያለበትን ነገር መዘገብ ከፈለገ በየሰፈሩ ያለውን ዕቁብ ለምን አያይም? ዐሥራ ሁለት ሰዎች በወር 1,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ ለአንዱ 12,000 ብር ይደርሰዋል። ዕጣ ይጣላል፤ ልብም ይመታል፤ የደረሰውም ሰው ይጋብዛል። ነገር ግን ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ነው እንጂ ማን እንደሚወስድ አይደለም። ዕቁብ ባዶ ዕጣ የለውም። በፓወርቦል ከሁለቱ ዶላር ለዕጣ የሚመደበው አንዱ ነው፤ በዕቁብ ግን ለዳኛውና ለጸሐፊው ድካም ከሚነሣው ጥቂት በቀር የተጣለው ሁሉ ይመለሳል። ሠርግ የደረሰበት ወይም ሰው የታመመበት እንደ ሆነ ተራ የወጣለት ወዳጁ ይለቅለታል። የወሰደም ሰው ቀሪውን እንዳይክድ ዋስ ይጠራል፤ ይህም ሰውን ከሰው ጋር ያስተሳስራል። ስንት ሱቅ ነው በዕቁብ የተከፈተው! ስንት ታክሲ ነው በዕቁብ የተገዛው! በዋሽንግተንና በሌላም አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ የሠለጠነ ባንክ በየማዕዘኑ ሞልቶላቸው ሳለ፣ ዕቁባቸውን ይዘው ሄደው እዚያም ይጥላሉ። ዕቁብ ጉድለት የለውም አንልም። ወለድ አይከፍልም፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን የመጨረሻው ዕጣ የሚደርሰው ሰው ከመጀመሪያው ሰው ያነሰ ነው የሚወስደው። የገንዘብ ሳይንስ የሚማሩ ጓደኞቻችን ለዚህ መላ ቢፈልጉለት ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሻል ሥራ በሠሩ ነበር።

ባንኮቻችንም ሕዝቡ ዕጣ እንደሚወድ ዐውቀው «ቆጥቡ፣ ተሸለሙ» እያሉ መኪና ማውጣት ጀምረዋል። ይህ በራሱ ክፉ አሳብ አይደለም። እንግሊዞች በ1956 ያወጁትና በ1957 የመጀመሪያ ዕጣው የወጣው ፕሪሚየም ቦንድ የሚባል አላቸው፤ ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው በወለድ ፈንታ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ባይደርሰውም ያስቀመጠው ገንዘብ ሳይጎድል በፈለገ ጊዜ ይመለስለታል። እዚያ ግን የዕድሉ ልክ ምን ያህል እንደ ሆነ ለገዢው በቁጥር ይነገረዋል። የኛዎቹ መኪናውን እንደሚያሳዩን ሁሉ ይህንንም ቢያሳዩን አንጠላም።

ይህ ሁሉ ለኛ ለተማሪዎቹ ምን ያገባናል የሚል ይኖራል። ያገባናል። ማኅበራችን የመጓጓዣና የደብተር ገንዘብ ያጡትን ተማሪዎች ለመርዳት ቶምቦላ እንዲያዘጋጅ አሳብ ቀርቦለታል። ዕጣው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ በማስታወቂያ ሰሌዳውም ላይ ላፕቶፑ ከተማሪው ራስ በላይ እንደ ፀሐይ ሲያበራ ተሥሏል። ስንት ትኬት እንደሚታተም አልተጻፈም። ከተሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ ለላፕቶፑ፣ ምን ያህሉ ለተቸገሩት እንደሚውል አልተጻፈም። ጋዜጠኛውን የወቀስንበት ነገር በራሳችን ግቢ በራሳችን ቀለም ሊሠራ ነው ማለት ነው። ትኬቱን የሚገዛውም አብዛኛው ከወላጁ በሚላክለት ገንዘብ የሚኖር ተማሪ ነው፤ ይልቁንም ላፕቶፕ መግዣ የሌለው ተማሪ ነው የሚሻማበት። የሌለው ለሌለው ይስጥ ካልን ስሙን መዋጮ ብለን በግልጥ እንጠይቅ።

ቶምቦላው ይቅር አንልም፤ ደስታ ነው፣ ጨዋታም ያስፈልገናል። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ትኬት ላይ የታተሙት ትኬቶች ጠቅላላ ቁጥርና ከገቢው ለተቸገሩት የሚደርሰው ድርሻ እንዲጻፍ፤ የባለዕድሉ ስም በሚለጠፍበት ቀንም ሒሳቡ ከጎኑ እንዲለጠፍ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በየመኝታ ቤቱ ፎቅ አነስተኛ የተማሪዎች ዕቁብ እንዲቋቋም ደንብ እንዲያወጣ፤ የገንዘብ ሣጥኑም በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በሦስት ተማሪዎችና በአንድ መምህር ቁልፍ እንዲጠበቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ መስመር ቀለም ያስወጣል፤ ሁለተኛው አንድ ሣጥንና አራት ቁልፍ። ጥያቄውን የያዘው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ፊርማውን ለመጨመር የሚፈልግ ተማሪም ሆነ መምህር እስከ ጉባኤው ዋዜማ ድረስ ያገኘዋል።